ሸክላው አምላክ ከሆነ ለምን ውኃ ውስጥ ይከቱታል? የሂንዱ ቤት ፑጃ ከውስጥ ሲታይ

ጥያቄ፦ «ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ያከራዩኝ ባልና ሚስት ሂንዱዎች ናቸው፤ ለጋኔሽ በዓል ‹አንቺም ከእኛ ጋር ሁኚ› ብለው ጠርተውኛል። የሸክላ ምስል አምጥተው ያነግሡታል፣ ያበሉታል፣ በቀን ተኩል ውስጥ ደግሞ ባልዲ ውኃ ውስጥ ይከቱታል አሉ። አምላክ ነው ካሉ እንዴት ያሟሙታል? ያላቸው አምላክ አንድ ነው ወይስ ሺህ? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የት ልቁም፣ ምን ልንካ፣ የሚሰጡኝንስ ልብላ?»

ምላሽ፦

ከባልዲው ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ ሌላው ቀላል ነው።

ከገበያ የሚመጣው የጋኔሽ፣ የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው፣ የሸክላ ምስል፣ ሙርቲ የሚሉት፣ ገና ቤት ሲገባ ዕቃ ነው። መንገድ ላይ ቢሰበር ሌላ ይገዛሉ፤ ማንም አይደነግጥም። በበዓሉ ዕለት እኩለ ቀን አካባቢ ግን አምላክ በዚያ ቅርጽ እንዲያድርላቸው በጸሎት ይጠሩታል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቤቱ እንግዳ አለበት። ሁሉም ወጥተው ቤቱን ባዶ አይተዉትም፤ ጠዋትና ማታ ምስጋና ይቀርብለታል፤ ከቤተሰቡ በፊት ምግብ ይቀርብለታል። ቀኑ ሲደርስ በጸሎት ያሰናብቱታል። ውኃ ውስጥ የሚገባው እንግዳው የተለየው ሸክላ ነው። በእነሱ ዘንድ ነውሩ ማሟሟቱ ሳይሆን ጠርቶ ሳያስተናግዱና ሳይሸኙ መቅረት ነው።

ፑጃ የሚባለው አምልኮ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚህ መልክ የተሠራ ነው፤ መጥራት፣ ወንበር መስጠት፣ እግር ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ መሸኘት። በእኛም ገጠር ለመንገደኛ እግሩ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም ነበርና ቅደም ተከተሉ አይጠፋዎትም። የቤተ መቅደስ ሙርቲ ግን ከዚህ ይለያል። እሱ ከድንጋይ ወይም ከብረት የተሠራ፣ አንዴ ለዘለቄታው የተቀደሰ ስለሆነ አይሸኝም፤ ጠዋት ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ማታ «ይተኛል»። ምስል ጨርሶ የማይቀበሉ ሂንዱዎችም አሉ። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ እ.ኤ.አ. በ1875 ቦምቤይ ላይ የመሠረቱት አርያ ሳማጅ ምስል ትቶ በእሳት ላይ ቅቤና እህል እያቀረበ ነው የሚያመልከው።

አንድ ወይስ ሺህ ለሚለው፣ ጥያቄው እነሱም ጋ የቆየ ነው። ብሪሃዳራንያካ በተባለው ኡፓኒሻድ (ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ) ውስጥ ያጅናቫልክያ የተባለ ሊቅ «አማልክት ስንት ናቸው?» ተብሎ ይጠየቃል። መጀመሪያ 3,306 ይላል። ጠያቂው «እሺ፤ ግን በእውነት ስንት ናቸው?» እያለ ሲገፋው ወደ 33፣ ወደ 6፣ ወደ 3፣ ወደ 2፣ ወደ አንድ ተኩል ይወርድና መጨረሻ ላይ «አንድ» ብሎ ያርፋል። ዛሬም አብዛኛው የተማረ ሂንዱ የሚመልሰው በዚሁ መንገድ ነው። ብራህማን የሚሉት ቅርጽና ወሰን የሌለው የሁሉ መሠረት አለ፤ ቪሽኑ፣ ሺቫ፣ ዱርጋ፣ ጋኔሽ ሰው ሊቀርበው የሚችል መልኩ ናቸው ይላል።

ይሁን እንጂ ይህን የሁሉም ሂንዱ መልስ አድርገው አይውሰዱት። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሻንካራ ነፍስና ብራህማን ፍጹም አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ ካለማወቅ የመጣ ነው ሲል፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ራማኑጃ ነፍስ በአምላክ ውስጥ ያለች ግን የራሷ ህልውና ያላት ናት አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማድቫ ደግሞ አምላክና ነፍስ ለዘላለም ሁለት ናቸው ብሎ ቁርጡን ተናገረ። የማድቫን ተከታይ «ለእናንተ ሁሉም አንድ ነው አይደል?» ቢሉት ይከራከርዎታል። ሃይማኖቱ አንድ መሥራች፣ አንድ የእምነት መግለጫ፣ የሚያወግዝ ሲኖዶስ የለውም። አራት ትልልቅ ጅረቶች አሉት፤ ለቪሽኑ የሚያደሉት፣ ለሺቫ የሚያደሉት፣ ለእናት አምላክ የሚያደሉት፣ አምስቱን (ቪሽኑን፣ ሺቫን፣ እናት አምላክን፣ ፀሐይንና ጋኔሽን) አስተካክለው የሚያመልኩት። ጋኔሽ የሺቫና የፓርቫቲ ልጅ ነው፤ ዕንቅፋት አንሺ ስለሚሉት አብዛኞቹ የማንም ተከታይ ቢሆኑ ሠርግም፣ ሱቅ መክፈትም፣ ፈተናም ሲሆን መጀመሪያ የሚጠሩት እሱን ነው።

ክርክሩ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሁሉንም የሚያገናኛቸው ስለ ነፍስ ያላቸው እምነት ነው። ነፍስ (አትማን) አትሞትም፤ ከአንዱ ሕይወት ወደ ሌላው ትሸጋገራለች፤ ይህ ዑደት ሳምሳራ ይባላል። የምትሸጋገርበትን የሚወስነው ካርማ፣ የሠሩት ሥራ ፍሬ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ሰው «ዕድል» ወይም «የተጻፈ» አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ስህተት ነው። እነሱ ካርማን ለሦስት ይከፍሉታል። ካለፉ ሕይወቶች የተከማቸው አለ፤ ከዚያ ውስጥ በዚህ ሕይወት ፍሬ ማፍራት የጀመረው አለ፤ አሁን የሚሠሩት ደግሞ አለ። ከእጅ የወጣው መካከለኛው ብቻ ነው፤ ሦስተኛው በሰውየው እጅ ነው። ካርማ የሚያስረው በተግባር ስለሆነ ዳርማ፣ ማለትም እንደ ዕድሜና እንደ ኃላፊነት ሊሠራ የሚገባው፣ ከእምነት አንቀጽ በላይ ክብደት አለው። የሁሉ መጨረሻ ሞክሻ፣ ከዑደቱ መውጣት ነው። ባለ 700 ስንኙ ቅዱስ መጽሐፋቸው ብሃጋቫድ ጊታ ወደዚያ የሚያደርሱ መንገዶችን ያስቀምጣል፤ ፍሬውን ሳይመኙ ሥራን መሥራት፣ ዕውቀት፣ ፍቅርና አምልኮ። በበዓሉ የሚያዩት የቤት ፑጃ በዋናነት የመጨረሻው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዕለቱ። በዓሉ ብሃድራፓዳ በተባለው ወራቸው ጨረቃ መሙላት በጀመረች በ4ኛው የጨረቃ ቀን ይውላል። የጨረቃው ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ በኋላ አንድ ወር ይጨምራሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ጳጉሜን 2፣ በ2025 ነሐሴ 21 ዋለ፤ በ2026 መስከረም 4 ይውላል። ዋናው ፑጃ በእኛ ሰዓት ከ5፡00 እስከ 7፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚደረገው፤ ጋኔሽ በእኩለ ቀን ተወለደ ብለው ስለሚያምኑ። ዘግይተው ከመጡ ዋናው ነገር ያልፍዎታል።

ዝግጅቱ ይህን ይመስላል። አነስ ያለ የእንጨት መቀመጫ ላይ ቀይ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሩዝ ይበተንበትና ሙርቲው ይቀመጣል። በትሪ ላይ እርድ፣ ኩምኩም የሚባል ቀይ ዱቄት፣ የሰንደል እንጨት ልቁጥ፣ ያልተሰበረ ሩዝ በኩምኩም ተለውሶ (አክሻታ ይሉታል፤ የተሰበረ ፍሬ ከተገኘ ይለቀማል)፣ የጥጥ ክር፣ ዕጣን፣ የቅቤ መብራት፣ ካምፎር፣ ቃጭል፣ ኮኮናት፣ የፓን ቅጠልና ሱፓሪ (ከቅጠሉ ጋር የሚታኘክ ጠንካራ ፍሬ) ይሰናዳል። ወተት፣ እርጎ፣ ንጥር ቅቤ፣ ማርና ስኳር ተቀላቅለው ፓንቻምሪት ይሆናሉ። ለጋኔሽ በተለይ የሚቀርቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ቀይ የጃስዋንድ አበባ (ሂቢስከስ)፣ 21 ሞዳክ የተባለ ጣፋጭ፣ 21 ዘለላ ዱርቫ። ዱርቫው ከሰርዶ ሌላ አይደለም፤ የእኛው ሰርዶ ነው። ከጫፉ ሦስት ወይም አምስት ቅጠል ያለው ለጋው ተቆርጦ ይታሰራል። የበሶብላ ዘመድ የሆነው ቱልሲ ለቪሽኑ የግድ ሲሆን ለጋኔሽ ግን አይቀርብም፤ የሚፈቀደው በዚህ በዓል ቀን፣ ከሚቀርቡለት 21 የቅጠል ዓይነቶች እንደ አንዱ ነው።

የቤቱ አባወራ ሦስት ጊዜ ውኃ ከመዳፉ ፉት ብሎ፣ ትንፋሹን አረጋግቶ ሳንካልፓ፣ ማለትም ሐሳቡን የመግለጽ ሥርዓት፣ ያደርጋል። እባክዎ ይህን በጥሞና ያዳምጡ፤ ብዙ እንግዳ እንደ ተራ ዜማ የሚያልፈው ቢሆንም ከሥርዓቱ ሁሉ የሚደንቀው ክፍል እሱ ነው። ሰውየው በቀኝ መዳፉ ውኃና ሩዝ ይዞ ያለበትን ጊዜና ቦታ ከአጽናፈ ዓለም ጀምሮ ይቆጥራል። የትኛው የፍጥረት ዘመን፣ በውስጡ የትኛው ክፍል፣ ዩጋ የሚሉት (አሁን ያለንበት 432,000 ዓመት የሚቆየው ካሊ ዩጋ ነው ይላሉ)፣ የትኛው ምድር፣ ከጎዳቫሪ ወንዝ በስተደቡብ፣ የትኛው ዓመት፣ ወቅት፣ ወር፣ የጨረቃ ቀን፣ ኮከብ፣ ከዚያ የራሱ ጎሳና ስም፣ በመጨረሻ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ። ከዚያ ውኃውን ያፈሳል። ፑጃ ያለ ሳንካልፓ ፍሬ የለውም የሚባለው ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚለው ሳይገለጽ ስለሚቀር ነው።

ቀጥሎ ሕይወት የመስጠት ሥርዓት ይመጣል። እጁን በሙርቲው ልብ ላይ አድርጎ ጸሎት ያደርሳል፤ በዱርቫ ጫፍ ንጥር ቅቤ ነክቶ የሙርቲውን ዓይኖች ይቀባል። ዕቃው እንግዳ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ሙርቲውን ያለ ምክንያት መንካት፣ ማንቀሳቀስ፣ ለፎቶ ማዞር አይቻልም። 16ቱ መስተንግዶዎች ይከተላሉ፤ መጥራት፣ መቀመጫ፣ የእግር ውኃ፣ የእጅ ውኃ፣ የአፍ ውኃ፣ መታጠቢያ፣ ልብስ፣ የትከሻ ክር፣ ሰንደል፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራት፣ ምግብ፣ መዞር፣ መስገድ፣ በመጨረሻም አበባ ይዞ የሚደርስ ጸሎት። አቆጣጠሩ ከቤት ቤት ትንሽ ይለያያል። የሸክላ ሙርቲ በእውነት ከታጠበ ይፈርሳል፤ ስለዚህ በአበባ ጫፍ ይረጩታል፣ ወይም ሱፓሪ ወይም ትንሽ የናስ ጋኔሽ አጠገቡ አስቀምጠው እሱን ያጥባሉ።

ምግቡ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች ይበዛሉ። ወጥ ቤት ልርዳ ብለው ከገቡ አይቅመሱ፤ ጨው ይብዛ ይነስ ሳይታወቅ ነው የሚቀርበው። የተቀመሰ ምግብ የተረፈ ነው። የተሸተተ አበባም እንደዚያው ነው፤ ገዝተው ከሄዱ አፍንጫዎ ላይ አያድርጉት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባም።

ሞዳክ ለመሥራት ከጠሩዎት ልኬቱ ይህ ነው። ለ21 ያህል ፍሬ 3 ኩባያ የተፈገፈገ እርጥብ ኮኮናት ከ1 ኩባያ ተኩል ጉድ (ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር) ጋር በመካከለኛ እሳት ይማሰላል፤ ውኃው ሲመጥ ሄል ይገባና ይወርዳል። በሌላ ድስት 2 ኩባያ ውኃ፣ ቁንጥር ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ሲፈላ 2 ኩባያ የላመ የሩዝ ዱቄት ይጨመርና ይገነፋል፤ ተከድኖ 5 ደቂቃ ያርፋል። በትኩሱ፣ እጅን በውኃና በቅቤ እያራሱ ማሸት ነው። ጫፉ የሚሰነጠቀው ሊጡ ከቀዘቀዘ ወይም ከደረቀ ነው፤ በእንፋሎት ላይ የሚፈነዳው ደግሞ መሙያው ውኃ ካቀረረ ነው። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ በእንፋሎት ይበስላል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይደርቃል።

አርቲ፣ በመብራት የሚቀርበው ምስጋና፣ ሲጀመር ሁሉም ይቆማል፣ ቃጭል ይደወላል፣ ይጨበጨባል፤ መብራቱ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ከዚያ መብራቱ ወደ እያንዳንዱ ሰው ይመጣል፤ እጅን እሳቱ ላይ አሳልፎ ዓይንና ራስን መንካት በረከት መቀበል ነው። ለእርስዎ የምመክረው ሁሉ እዚህ ይጀምራል። በአክብሮት ቆሞ ማየት ይበቃል፤ ማንም አያስገድድም። ትሪው ሲደርስ መቀበል ካልፈለጉ እጆችዎን ደረትዎ ላይ ገጥመው ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ትሪውን የያዘው ያልፋል። ጫማ ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ የቆዳ ቦርሳና ቀበቶም ባይገባ ይመረጣል። ሲቀመጡ እግርዎን ወደ ሙርቲው አይዘርጉ። መብራት በአፍ እፍ ተብሎ አይጠፋም።

ፕራሳድን በተመለከተ ደባብሼ አልነግርዎትም። ለአምላክ ቀርቦ የተመለሰ ምግብ ነው፤ ለእነሱ መብላቱ ጸጋ መቀበል ነው እንጂ ጣፋጭ መቅመስ ብቻ አይደለም። «ባህል ነው፣ ምንም የለውም» የሚልዎ ሰው እምነታቸውን አቅልሎ እየነገረዎት ነው። ለጣዖት ስለተሠዋ ምግብ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 8 እና 10 የጻፈውን ያውቁታል፤ ውሳኔው የእርስዎና የንስሐ አባትዎ ነው። ላለመብላት ከወሰኑ በበዓሉ ቀን ሳይሆን ቀድመው ለአከራይዎ ይንገሯቸው። እዚያ አገር በእምነት ምክንያት አልበላም ማለት የሚያስቀይም ነገር አይደለም፤ እነሱም በየጨረቃው ግማሽ 11ኛ ቀን ላይ እህል የማይቀምሱ ብዙ አሏቸው። የከፋው ተቀብሎ ናፕኪን ውስጥ መጠቅለል ወይም መጣል ነው። ለመብላት ከወሰኑ በቀኝ እጅ፣ ግራውን ከሥር አድርገው ይቀበሉ፤ ጾም ላይ ከሆኑ ፓንቻምሪትም ሞዳክም የወተት ተዋጽኦ እንዳለበት አይርሱ። ለቤተሰቡ የተሠራው ያልቀረበ ምሳ ካለ ግን እሱን መጠየቅ ይችላሉ፤ ልዩነቱን እነሱ ራሳቸው ያውቁታል።

ስጦታ ይዘው መሄድ ከፈለጉ ሙሉ ኮኮናት ወይም አምስት ዓይነት ፍራፍሬ ይበቃል። ኬክ አይውሰዱ፣ እንቁላል አለበት። ገንዘብ ከሆነ በአንድ የሚያልቅ ቁጥር፣ 51 ወይም 101 ሩፒ። ሴትየዋን «ካኩ»፣ ባልየውን «ካካ» ቢሏቸው ደስ ይላቸዋል፤ በማራቲ አክስትና አጎት እንደማለት ነው። ሁሉም ሂንዱ ሥጋ አይበላም ብለው ግን አይደምድሙ፤ ቤንጋል ውስጥ ዓሣ የማይበላ ብራህሚን (የካህናት መደብ ሰው) ማግኘት ይከብዳል፣ ኔፓል ውስጥም ለዳሻይን በዓል ፍየል ይታረዳል።

በመሃል የሚበላሹ ነገሮች ሥርዓት አላቸው። በቤተሰቡ ውስጥ ልደት ወይም ሞት ከተፈጠረ እነሱ ፑጃ አያደርጉም፤ ዘመድ ያልሆነ ሰው እንዲያደርስላቸው ይለምናሉ። ሙርቲው ከተጠራ በኋላ ከተሰነጠቀ እርጎ በሩዝ ቀርቦለት ወዲያው ይሸኛል። ኩምቢው ወደ ቀኝ የታጠፈ ሙርቲ ጥብቅ ሥርዓት ይጠይቃል ስለሚባል ለቤት ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ የታጠፈውን ይገዛሉ። በዚያች ሌሊት ደግሞ ጨረቃን ማየት በሐሰት ያስወነጅላል ይላሉና «ቀና ብለሽ አትዪ» ቢሉዎት አይገረሙ። ካህኑ ሴት ብትሆንም አይገረሙ፤ ፑኔ ውስጥ ግናና ፕራቦዲኒ የተባለው ተቋም ሴቶችን ለካህንነት ያሠለጥናል። ይህን የምጠቅሰው ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል ክፍት ሆኖ ስላልኖረ ነው። በዘር መደብ ምክንያት «የማይነኩ» የተባሉ ሰዎች ቤተ መቅደስ እንኳ እንዳይገቡ ተደርገው ኖረዋል፤ የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ከ1950 ጀምሮ ልማዱን ሽሮ ወንጀል ቢያደርገውም በጋብቻና በመንደር ኑሮ ላይ ዛሬም ይታያል።

የሽኝቱ ቀን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሌሎች ቤቶች እስከ 5፣ 7 ወይም 10 ቀን ያቆዩታል። አጭር ፑጃ ይደረጋል፣ ለመንገዱ እርጎ በተጨፈለቀ ሩዝ ይቀርባል፣ አክሻታ ይረጫል፣ ሙርቲው ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ይደረጋል። ሽኝቱ ማለት ያቺ ፈቀቅታ ናት። ከዚያ «ጋንፓቲ ባፓ ሞርያ፣ በሚመጣው ዓመት ቶሎ ና» (ጋንፓቲ የጋኔሽ ሌላ ስሙ ነው) እየተባለ ወደ ውኃው ይወሰዳል። አበባና ጨርቁ ቀድሞ ይነሣል። ያልተተኮሰ የሸክላ አፈር ባልዲ ውስጥ በአንድ ሌሊት ይሟሟል፤ አፈሩና ውኃው አትክልት ሥር ይፈሳል። ሙርቲው የጀሶ ከሆነ ግን ለሳምንታት ቢቀመጥም አይሟሟም። የፑኔው ብሔራዊ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ ክብደቱን ያህል አሞኒየም ባይካርቦኔት ውኃ ውስጥ ተጨምሮ በ48 ሰዓት ገደማ ጀሶውን ወደ ኖራ ዝቃጭና ማዳበሪያ ወደሚሆን ፈሳሽ ይለውጠዋል። የአሞኒያ ሽታው ይከብዳልና በረንዳ ላይ ይደረግ።

በ10ኛው ቀን ከተማው ሁሉ አደባባይ ይወጣል። የነጻነት ታጋዩ ቲላክ እ.ኤ.አ. በ1893 የቤቱን በዓል የሕዝብ በዓል ካደረገው ወዲህ ካስባ ጋንፓቲ በተባለው የከተማዋ ሙርቲ የሚመራው ሰልፍ ከ24 ሰዓት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ቀን መሃል ከተማ ፈተና ወይም ሐኪም ቤት ቀጠሮ ካለዎት በእግር እንደሚሄዱ ያስቡ። ሰልፉ ካለቀ በኋላ ለሞቱ አባቶችና እናቶች የሚታሰብበት የሁለት ሳምንት ጊዜ፣ ፒትሩ ፓክሻ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ በእሱ ውስጥ አዲስ ነገር አይጀምርም፤ ቤት አይለውጥም፣ መኪና አይገዛም፣ ውል አይፈርምም። የኪራይ ውልዎ የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ከሆነ ከበዓሉ በፊት ያሳድሱት።